ዳር ዳሩ የተቆረጠው ሠርግ

ኢብራር መሞቱ የታወቀው መብራት ሲመጣ ነው።

ከዐሱር ሰላት በኋላ ጠፍቶ አጠና ተራን ሥራ ያስፈታው መብራት ሲመለስ፣ ፎቁ ላይ ካለው የኢብራር ስቱዲዮ የሠርግ ከበሮና እልልታ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ድምፁ ልክ አልነበረውም። ከሥሩ ብርድ ልብስ የሚሸጠው ሀምዱ ደጋግሞ «ኢብራር፣ ኧረ ቀንሰው» እያለ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ሊቆጣ በጓሮ ዞረ። ኢብራር እዚያው ጓሮ ነበር፤ በብረቱ ደረጃ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱ ታች ሲሚንቶው ላይ፣ እግሮቹ ወደ ላይ፣ ያለ ጫማ በካልሲ ብቻ። ዝናቡ ፊቱን አጥቦታል። ላይ ቤት ሴቶቹ እልልታቸውን ያቀልጡታል።

ኢንስፔክተር ፅጌ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ደረጃው እርጥብ ነው፣ ልጁን አንሸራቶታል፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አሁን የሚቀረው ቀብሩ ነው። አብሯት የመጣው ሳጅን ገዳ ራሱ በዚህ ተስማምቷል። ገዳ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ደግ ሰው ነው፤ በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚጠላው ነገር ደረጃ መውጣት ነው። ፅጌ ግን ለሰፈር ፍርድ ጆሮ የላትም። ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ሰው ሲያወራ አፉን ትታ ዓይኑ የሚሄድበትን ትከተላለች። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ እሷም ቢጨነቅ አይከፋትም።

«ብረቱን አየሽው?» አላት ገዳ። «ሳሙና በይው።»

«አንተ በዚህ ክረምት ደረጃ ላይ ወድቀሃል አላልከኝም?»

«ወድቄያለሁ። እየወረድኩ ሳለ።»

«በምንህ ወደቅህ?»

«በመቀመጫዬ ነዋ።»

«ጭንቅላትህስ ወዴት ነበር?»

«ወደ ላይ» አለና ሬሳውን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ሳሙና አላነሳም።

«የእሱ ወደ ታች ነው» አለች ፅጌ። «ፊቱ ደግሞ ወደ ሰማይ። ሲወድቅ ፊቱን ወደ በሩ፣ ጀርባውን ወደ ደረጃው አድርጎ ነበር። በዚህ ደረጃ የኋሊት የሚወርድ ጤነኛ ሰው የለም።»

ወደ ላይ ወጡ። ደረጃው የሚያልቀው አንድ ሁለት ሰው በምታስቆም የብረት ሰገነት ላይ ነው፤ በሩ ከዚያ ይከፈታል። በሩ አጠገብ የኢብራር ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ውስጡ ምንጣፍ ስለሆነ ማንም በጫማ አይገባም፤ ኢብራር አቧራ ጠላቱ ነበር። ፅጌ ጫማዋን ከማውለቋ በፊት ሰገነቱ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች። የመስጊዱ በር አምፖል፣ የሱቆቹ መብራት፣ የጎረቤቱ መስኮት፣ ሁሉም ከዚያ ይታያል።

ክፍሉ ውስጥ ጀርባው የተቆለለ አሮጌ ቴሌቪዥንና አንድ ፍላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኢብራር ለደንበኛ የሚሰጠውን ዲስክ ሁሉ በሁለቱም ሳያይ አያስወጣም ነበር። ሠርጉ ፍላቱ ላይ እየሄደ ነው፤ የሟች ቤት ነውና ማንም ደፍሮ አላጠፋውም። ፅጌ ቁልፉን ተጫነችና ማጫወቻው ዲስኩን ተፋው። ፊቱ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ታትሟል። ስትገለብጠው ሆዱ በጭረት ተበልቷል፤ የልጅም የአዋቂም ጣት ተለጥፎበታል። መደርደሪያው ላይ የዚያው ሠርግ ቅጂዎች አሉ፤ ሁሉም ከነማቀፊያቸው ያብረቀርቃሉ።

«ይህ ከሰው ቤት የመጣ ነው» አለች።

«መብራት በሌለበት ማን ከፈተው?» አለ ገዳ።

«መብራት ሳይሄድ ነው የገባው። ሲሄድ ቆመ፣ ሲመጣ ራሱ ቀጠለ። ይህ ማጫወቻ መብራት ከሌለ አፉን አይከፍትም። ያመጣው ሰው መልሶ ሊወስደው ቢፈልግም አይችልም ነበር።»

ይህን ስታወራ የኢብራር ረዳት ዳንኤል እያለከለከ ገባ። አስኮ አንድ ቸርች የመዘምራን ልምምድ ሲቀርጽ ውሎ ነው የመጣው፤ የካሜራ ሻንጣው ገና ትከሻው ላይ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ፅጌ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«የማን ሠርግ ነው?» አለችው በኋላ።

«የፈይዛ። የሚስቱ የአልፊያ ታናሽ እህት ናት። ከፍጥምጥሙ ጀምሮ እኛው ነን የቀረጽነው።»

«ዲስኩ ለማን ለማን ተሰጠ?»

«ለቤተሰቡ ሁሉ። ግን ኢንስፔክተር፣ የሠርግ ዲስክ አንድ ቤት አይቀመጥም። አንዱ ዘነበወርቅ ነው፣ አንዱ ክፍለ አገር ሄዷል። የማን የት እንዳለ ባለቤቶቹም አያውቁም።»

«ጠላት ነበረው?»

ዳንኤል አፍንጫውን ጠረገ። «ጠላት አልልም። የሚቀናበት ግን ነበረ፤ ማዶ ስቱዲዮ ያለው ሀያቱ።»

ሬሳው ለምርመራ ሄዶ ተመለሰና ኢብራር ኮልፌ መቃብር አረፈ። ፅጌ ከቀብር ማግስት ለቅሶ ቤት ገብታ አልፊያን ወደ ጓዳ ወሰደቻት። አልፊያ ዓይኗ አብጧል፤ አንደበቷ ግን አልደከመም።

«እኔ ቅናተኛ ነኝ። ሰው ሳይነግርዎት ራሴ ልንገርዎት» አለች። «ስልኩን እበረብራለሁ። ሙሽሮች ሲደውሉለት ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማለሁ። በሞተበት ቀንም ምሳ ይዤለት ሄጄ ተጣልተን ነው የወረድኩት። ሀምዱ ሰምቶናል። ለቅሶ ሲመጣ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በእህቴ በሃፊዛ። ታላቄ ናት። የኢብራር ቤተሰቦች መጀመሪያ ሽማግሌ የላኩት ለእሷ ነበር። አባቴ ለአዩብ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ መለሳቸው። ከዓመታት በኋላ ለእኔ መጡ። ሱቅ ሄደው የፈለጉት ዕቃ ካለቀ ‘ያለውን ስጠኝ’ ይሉ የለ? እኔ ‘ያለው’ ነኝ።»

«መብራት በጠፋ ጊዜ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ተጋድሜ አለቅስ ነበር። ለዚህ ምስክር የለኝም፤ ሰው ሲያለቅስ ምስክር አይጠራም።»

«የፈይዛን ሠርግ ዲስክ አየሽው?»

«አላየሁትም። ሃፊዛ በዚያ ቀን እንዴት አምራ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ለምን ደግሜ ልቃጠል?»

«ኢብራርስ በዚያ ቀን ከማን ጋር ነበር?»

«ሲዞር ዋለ። በኋላ ትልቁን ካሜራ ለዳንኤል ሰጠና ትንሿን ይዞ አዳራሹ ምሰሶ ሥር ከአዩብ ጋር ቆመ። እኔ ማዶ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።»

ፅጌ ልትወጣ ስትል አልፊያ እጇን ያዘቻት። «ተገፍቶ ከሆነ ማን እንደገፋው ፈልጉ፤ ሥራችሁ ነው። ግን አንድ ነገር ይፈልጉልኝ። ልቡ ማን ጋ እንደነበረ። እሱን ሳላውቅ ዕድሜ ልኬን ላልቅስለት አልችልም።»

«እሱ እንኳ በእኔ ሥራ ውስጥ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች አልፊያ፤ እጇን ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

ሀያቱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ድሮ ከኢብራር ጋር በአንድ ካሜራ በአንድ ኮምፒውተር አብረው ይሠሩ ነበር። ተለያይተው የራሱን ስቱዲዮ ከፍቷል፤ መስኮቱ ላይ ባለ ቴሌቪዥን የቀረጻቸውን ሠርጎች ቀኑን ሙሉ ያሳያል። ፅጌ ስትገባ አንዲት ሙሽራ ከባሏ ጋር ኬክ ትቆርሳለች። ፊቷ እንደ ማንኪያ ረዝሟል፤ ኬኩም ቀጥኗል።

«ደስ ብሎኛል ካልኩ ይይዙኛል፣ አዝኛለሁ ካልኩ ይታዘቡኛል» አለ ሀያቱ፤ ገና ሳትጠይቀው። «ስለዚህ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«በምን ተለያያችሁ?»

«በእጁ። እሱ የነካው ያምራል። የእሱን ዲስክ ሲከፍቱት ሰው ሰው ይመስላል፤ የእኔን ሲከፍቱት ሰው አጠና ይመስላል። ይኸው ይዩዋት። ደንበኛ ‘ሀያቱ፣ ለምን አከሳኸኝ?’ ይለኛል፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ እሱ ጋ ይገባል። በዚህ መስኮት ሲገቡ አያቸዋለሁ።» ወደ መስኮቱ አየ። «ምን እንደሚያደርገው ልጠይቀው ስንት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ኩራቴ አላስሄደኝም። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

«መብራት ሲጠፋ እዚህ ነበርክ?»

«እዚሁ። ጓሮው ከዚህ አይታይም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ደንበኛ የለኝማ።»

«ሠርጉ ላይ ነበርክ?»

«ተጠርቼ ሄድኩ። ምሰሶው ሥር ከአዩብ ጋር ቆሞ አገኘሁት። ሰላም ልለው ነበር፤ አዩብ ስላለ ተውኩት። ሰው ፊት ዝቅ ማለት ከበደኝ።»

ገዳ ከወጡ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለቱም የሚሆኑ ናቸው። አንዷ በባሏ ቀናች፣ አንዱ በሥራው።»

«ሰው ሁሉ በቅናት ከታሰረ አዲስ አበባን ማን ያስተዳድራታል?» አለች ፅጌ።

ወደ አዩብና ሃፊዛ ቤት የሄዱት ከሰዓት ነው። አዩብ የመጋረጃና የምንጣፍ ነጋዴ ነው፤ በሰፈሩ ጨዋ ከተባሉት ሁሉ ቀድሞ የሚጠራ። የለቅሶውን ድንኳን ያስተከለው፣ ሐዘንተኛ ዘመዶችን በመኪና ያመላለሰው እሱ ነው። ሃፊዛ ሻይ አቀረበችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። እውነትም ቆንጆ ናት፤ ግን ባሏ ወደ እሷ ሲዞር ዓይኗ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ወዲያ ሲዞር ቀና ይላል። ፅጌ ይህን ልብ አለች።

ልጆቹ ቡፌው ላይ ባለ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን የካርቱን ዲስክ እያዩ ነው። ምስሉ ስክሪኑን ግጥም አድርጎ ሞልቶታል። የካርቱኑ ርዕስ ሲመጣ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል የለም።

«ጫፍ ጫፉ ተበላ እኮ» አለች ፅጌ።

አዩብ ፈገግ አለ። «ይብላው። ድሮ ከላይና ከታች ጥቁር ነገር ነበረው። ዳንኤልን አስጠርቼ አስነሳሁት። መጋረጃ እኔም እሸጣለሁ፤ የገዛ ቴሌቪዥኔን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ለምን አያለሁ?»

«የፈይዛን ሠርግስ አዩት?»

«ጊዜ የት አለኝ? ሱቅ ነው የምውለው። ልጆቹ ናቸው ያዩት፤ ከዚያ ማን እንደወሰደው እንጃ።»

ሃፊዛ የሻይ ብርጭቆዋን ሳትጠጣ አስቀመጠች።

«ኢብራርን ከመሞቱ በፊት መቼ አዩት?»

«ሠርጉ ላይ ነው መሰለኝ በደንብ ያየሁት።»

«ያን ዕለት ከማን ጋር ነበር?»

«ከማንም» አለ አዩብ፤ ፈጠን ብሎ ነው የመለሰው። «ያቺን ትንሽ ካሜራ ይዞ፣ ምሰሶውን ተደግፎ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሥራው ማየት አይደል? ያያል። አላህ ይዘንለትና።»

ፅጌ ሻይዋን ጨርሳ አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ገዳ «ምን አገኘሽ?» ቢላት «ጥማት» ብላው መንገዷን ቀጠለች። ገዳ እንዲህ ስትል አንድ ነገር እንዳገኘች ያውቃል።

ስቱዲዮው ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ያን የተጫጫረ ዲስክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። አንድ ቦታ ላይ አስቆመችና መነጽሯን አውርዳ ወልውላ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ዳንኤልን ጠራችው።

«የሀያቱ ሙሽሮች ለምን ይከሳሉ?»

ዳንኤል ከኢብራር ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እኛ በሰፊው ነው የምንቀርጸው፤ አሥራ ስድስት ለዘጠኝ እንለዋለን። ዲስኩ ላይ ግን ያ ሰፊ ምስል ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ነው የሚገባው። ስንሠራው ‘ይህ ሰፊ ነው፣ ስታሳይ ዘርጋው’ የሚል ምልክት እናደርግለታለን። ምልክቷ ከተረሳች እንደተጨመቀ ይወጣል። ሀያቱ የሚረሳት እሷን ነው። ኢቡ፣ ኢብራር ማለቴ ነው፣ ሊነግረው ይፈልግ ነበር። ‘መጥቶ ይጠይቀኝ’ ይል ነበር።»

«ድሮው ቴሌቪዥን ላይስ?»

«እሱ አራት ለሦስት ነው፣ ወደ ካሬ የሚጠጋ። ሰፊውን ምስል እሱ ላይ ለማሳየት ወይ በሙሉ አሳንሶ ከላይና ከታች ጥቁር መተው ነው፣ ወይ ስክሪኑን ሞልቶ ግራና ቀኙን መቁረጥ ነው። የትኛው እንደሚፈቀድ ዲስኩ ሲሠራ ይነገረዋል። ኢቡ ቆረጣውን አይፈቅድም ነበር። ‘ከሠርግ ሰው አይቆረጥም’ ይል ነበር። ግን የኮልፌ ሰው ጥቁሩን አልወደደውም። ‘ቴሌቪዥኔን አበላሻችሁት’ እያለ ዲስክ የሚመልሰው በዛ። መጨረሻ ላይ ተሸነፈና ሁለቱንም ፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የየቤቱ ማጫወቻ ነው።»

«አዩብ ቤት?»

«ቆረጣ ላይ ነው ያለው። ራሱ ነው ያስደረገኝ።»

«ይህን ማጫወቻ እንደ እሱ ቤት አድርገህ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝልኝ» አለች ፅጌ። «ነገ እንግዶች አሉን።»

በነጋው ከዙሁር በኋላ ሁሉም መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለሟቹ ያደረጉት የመጨረሻ አክብሮት ይመስል ነበር። አልፊያ ጥግ ያዘች፤ እህቷ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል ሻንጣዋን መሐል አስገባች። ሀያቱ የኢብራርን ኮምፒውተር በምኞት አይቶ አፈረ። አዩብ ለሁሉም የሚሆን ውኃ ገዝቶ መጥቷል። ገዳ በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ኢብራርን ደረጃው አላንሸራተተውም፤ ተገፍቷል» አለች ፅጌ። «ሲወድቅ ፊቱ ወደ በሩ ነበር፤ ይህን የአወዳደቁ ሁኔታ ይናገራል። እኔን ያስቸገረኝ ካልሲው ነው። አቧራ የሚጠላ ሰው በዝናብ በካልሲ እርጥብ ብረት ላይ ምን አወጣው? ጫማው እጁ ሥር ነበር። ስለዚህ የወጣው ለመሄድ አይደለም፤ ለአፍታ ነው። ሳጅን ገዳ፣ ቤትህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

ገዳ ምንም አላሰበም። «ወጥቼ የጎረቤት መብራት መኖሩን አያለሁ። የኔ ቆጣሪ ብቻ ከሆነ ብዬ።»

«ሁላችንም እንደዚያ ነን። እሱም መብራት ሲጠፋ በካልሲው ሰገነቱ ላይ ብቅ አለ፤ የሰፈሩን አምፖሎች አየ። ከዚያ ዞሮ ውስጥ ላለው ሰው ‘ሁሉም ጋ ሄዷል’ ሊል ሲል በሩ ላይ የነበረው ያ ሰው ገፋው።»

አልፊያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ያ ሰው ከቤቱ የተጫጫረ የሠርግ ዲስክ ይዞ መጥቷል። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶታል፤ ጠቡን ሀምዱ እንዳይሰማ። ኢብራር ዲስክ የሚፈትነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ዳንኤል ይህን ነግሮኛል። ከዚያ መብራት ሄደ። ሰውዬው ከገፋው በኋላ ዲስኩን ሊወስድ ሞከረ፤ ማጫወቻው አልከፍትም አለው። ትቶት ወረደ። እንግዲህ ሰው የሠርግ ዲስክ ተሸክሞ ለጠብ የሚመጣው ለምንድነው? ውስጡ ያንገበገበው ነገር ስላለ ነው። ዳንኤል፣ አሳያቸው።»

አሮጌው ቴሌቪዥን በራ። አዳራሽ ነው፣ ሰው ይጨፍራል፣ ምስሉ ስክሪኑን ግጥም አድርጎ ሞልቷል። ከመሐል በስተግራ ሃፊዛ ቆማለች። በስተቀኝ ኢብራር ምሰሶ ተደግፎ ትንሿን ካሜራ ይዟል። ሃፊዛ ወደ ቀኝ አየችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ሴት ለወደደችው ብቻ የምታሳየው ፈገግታ ነው። ኢብራርም ወደ ግራ እያየ ሳቀ። ዳንኤል እዚያ ላይ አስቆመው።

አልፊያ እህቷን አየቻት፤ በዚያ አስተያየት የስንት ዓመት ቂም ነበረበት። ሃፊዛ ግን ግራ ተጋብታ ስክሪኑን ነው የምታየው።

«በዚህ ምስል ውስጥ ኢብራር ከማን ጋር ቆሟል?» አለች ፅጌ።

«ብቻውን» አለ ሀያቱ። «ግን እኔ ያን ቀን...»

«ያን ቀን ከአዩብ ጋር ነው ያየኸው። አልፊያም ከአዩብ ጋር ነው ያለችኝ። ሁለታችሁም ያወራችሁልኝ ሠርጉን ነው፤ ዲስኩን አይደለም። ብቻውን ቆሞ ነበር ያለኝ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ዲስኩን አላየሁትም ብሎኛል። አላየው ከሆነ የሚያስታውሰው ሠርጉን ነው፤ በሠርጉ ላይ ደግሞ ኢብራር ብቻውን አልነበረም። ብቻውን የሆነው በአንድ ዓይነት ማጫወቻ ብቻ ነው፣ ግራና ቀኙን በሚቆርጥ። ይህን ሁሉ ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባቸው እርሳቸው ናቸው፤ አጠገቡ ቆመው የነበሩት ራሳቸው ናቸዋ።» ዞረች። «አቶ አዩብ፣ ይህን ቦታ ስንት ጊዜ ቢያዩት ነው ራስዎን የረሱት?»

አዩብ የውኃውን ክዳን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ተዘንግቶኝ ነው» አለ። «በሠርግ ስንት ሰው ጋር ይቆማል። እዚያ አልነበርኩም።»

«ዳንኤል፣ አሁን ሙሉውን።»

ዳንኤል ገመዱን ወደ ፍላቱ አዛወረና ሪሞቱን ተጫነ። ያው ዲስክ፣ ያው ደቂቃ ነው። ሠርጉ ከግራም ከቀኝም ተዘረጋ።

በቀኙ ዳር፣ ከኢብራር ትከሻ አጠገብ፣ አዩብ ቆሟል። አዲስ ኮት ለብሷል። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። የሃፊዛ ዓይን ኢብራርን አልፎ እሱ ላይ ነው፤ እጇ ደረቷ ላይ፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ፣ ቀና እንዲልላት እየጠበቀች። እሱ ቀና አላለም።

«አንተን ነበር እኮ» አለች ሃፊዛ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ መገረም ብቻ ነው። «ኮቱ አምሮብህ ነበር። ልነግርህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።»

አዩብ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የራሱን ምስል ጣቱን ዘርግቶ ሊነካው ምንም አልቀረውም። «እኔ... እዚህ ነበርኩ?» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው አወራ። «ሌሊት ሌሊት እናንተ ስትተኙ ይህን ቦታ ሳይ ነው ያደርኩት። መጀመሪያ ለሃፊዛ ሽማግሌ የላከው ኢብራር መሆኑ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። ልጠይቀው ሄድኩ። ዲስኩን ከተተው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ወጥቶ አየና ዞሮ ሳቀብኝ። ‘ሞኝ፣ መብራት ይምጣና አሳይሃለሁ’ አለኝ። በእኔና በቤቴ የሳቀ መሰለኝ። ወላሂ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«መብራት ሲመጣ ሊያሳይዎት የነበረው ይህንን ነው» አለች ፅጌ።

አልፊያ እስካሁን ቀኙን ዳር አላየችውም። ዓይኗ ግራው ጫፍ ላይ ተተክሏል። እዚያ አንዲት ሴት አለች፤ እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አኩርፋ። የኢብራር ሳቅ በሃፊዛ ራስ ላይ አልፎ ወደዚያች ሴት ነው የሚሄደው። ትንሿ ካሜራም እሷ ላይ ነው የተነጣጠረችው።

«ዞራ የቆመችው እኔ ነኝ» አለች አልፊያ። «እሱ እያየኝ ነበር። ዞሬ የቆምኩት እኔ ነኝ።» መሐል ያስገባችውን ሻንጣ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ሃፊዛም ተጠጋቻት። ሁለቱም አላለቀሱም፤ እንባ የሚመጣው ቤት ሲገቡ ነው።

ገዳ የአዩብን ክንድ ያዘ። አዩብ አልታገለም፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ግን መንቀል አልቻለም።

«ዳንኤል» አለ፤ ሲለምን ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አንድ ጊዜ መልሰው። ስትስቅልኝ ልያት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዳንኤል ሪሞቱን እንደያዘ ፅጌን አያት። ከፅጌ ቀድማ ሃፊዛ ተነሳች፤ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞራ ሶኬቱን ነቀለችው።